ሥር የሚጨብጠው

ያለ አፈር ስለሚካሄድ እርሻ፣ ስለ ሃይድሮፖኒክስ፣ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ታሪኩ ሁሉ የውሃ ታሪክ ይመስለዋል። ውሃው ውስጥ ስንት ናይትሮጅን ገባ፣ ስንት ካልሲየም፣ ፒኤቹ ስንት ነው፣ መጀመሪያ የለካው ማን ነው፤ ወሬው ከዚያ አይወጣም። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከሥሩ ጋር ነው። በስምጥ ሸለቆ በአንድ የጽጌረዳ እርሻ ለብዙ ዓመታት በመስኖና በማዳበሪያ ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ፣ ግማሹን በመስኮት ብርሃን ግማሹን በኤሌክትሪክ መብራት፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ናና አበቅላለሁ። ያንኑ ማዳበሪያ ሰጥቼ ሥሩ የሚጨብጠውን ነገር ብቻ ስቀይር ተክሉ ጠባዩን ሲለውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ታሪኩን ከዚህ በኩል ልናገረው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የአኻያ ችግኝ ነው። የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት 200 ፓውንድ የደረቀ አፈር በትልቅ ማሰሮ ሞላና 5 ፓውንድ የምትመዝን አኻያ ተከለበት። ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። ሲነቅላት ከ169 ፓውንድ በላይ ሆናለች፤ አፈሩ ደርቆ ሲመዘን የጎደለው ሁለት አውንስ ያህል ነው። እሱ ከሞተ በኋላ በ1648 የታተመው መጽሐፉ ዛፏ በሙሉ ከውሃ እንደመጣች ይናገራል። ተክል ካርቦኑን ከአየር እንደሚወስድ ገና ማንም ስላላወቀ ድምዳሜው ተሳስቷል። ለእኔ ግን ሙከራው ሌላ በር ከፍቷል። አፈር ተክሉን መመገቡ አንድ ሥራ፣ ተክሉን ይዞ ማቆሙ ሌላ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚያ ማሰሮ ውስጥ ነው።

በ1699 ለንደን ላይ ጆን ውድዋርድ ይህንኑ በናና ሞከረው። አንዱን ናና በዝናብ ውሃ፣ አንዱን በቴምዝ ወንዝ ውሃ፣ አንዱን በሃይድ ፓርክ ቦይ ውሃ፣ ሌላውን ደግሞ የአትክልት አፈር በተበጠበጠበት በዚያው የቦይ ውሃ አቆመ። አፈር የገባበት በለጠ። ውድዋርድም ተክሉን የሚያሳድገው ከአፈር ወደ ውሃ የሚገባ አንዳች ነገር ነው አለ። ናናን መምረጡ ደስ ይለኛል፤ ማንም ሰው ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀንበጥ ቆርጦ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቢያቆም በጥቂት ቀን ነጭ ሥር ሲያወጣ ያያል።

ያ «አንዳች ነገር» ምን እንደሆነ ለመለየት ግን ራሱ ምንም የማይሰጥ መያዣ አስፈለገ። የፈረንሳዩ ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሳንጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተክሎቹን በታጠበ አሸዋ፣ በተፈጨ ኳርትዝና በከሰል ውስጥ አቆመና ምግባቸውን በኬሚካል መልክ መጥኖ ሰጣቸው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው መያዣ ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ሥሩ የሚጨብጠው ነገር ዝም ማለት አለበት፣ የሚናገረው ውሃው ነው። በ1860ዎቹ ጀርመኖቹ ዩሊየስ ዛክስና ዊልሄልም ክኖፕ አሸዋውንም አስወጥተው ተክሉን ውሃ በተቀዳበት ጠርሙስ አፍ ላይ በቡሽ አቆሙት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ነገሩ የላቦራቶሪ ሥራ ሆኖ ቀረ።

ከላቦራቶሪ ያወጣው በካሊፎርኒያ በርክሌይ የነበረው ዊልያም ጌሪኪ ነው። ከ1929 ጀምሮ ውሃ በተሞላ ጠፍጣፋ ገንዳ ላይ የሽቦ መረብ ዘርግቶ፣ በመረቡ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ጭድና ሰጋቱራ አልብሶ፣ ተክሉን እዚያ ላይ አቆመው። ሥሩ በሽቦው ቀዳዳ አልፎ ወደ ውሃው ይወርዳል። ቲማቲሙ 25 ጫማ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ወጣ ተባለ፤ በመሰላል ወጥተው ሲለቅሙ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በየጋዜጣው ወጡ። ብዙ ሰው ገንዳና የማዳበሪያ ዱቄት ገዝቶ ቤቱ ሞከረ፤ ብዙውም ከሰረ። ዩኒቨርሲቲው ነገሩን እንዲመረምሩ ያዘዛቸው ዴኒስ ሆግላንድና ዳንኤል አርነን በ1938 ባወጡት ጽሑፍ፣ በውሃ የሚበቅል ተክል በጥሩ አፈር ከሚበቅለው እንደማይበልጥ በግልጽ አስቀመጡ። የእነሱ የማዳበሪያ ቀመር ዛሬም መነሻ ነው፤ እርሻው ላይ የተማርኩትም ከዚያ የተቀዳውን ነው።

የቤት ሞካሪዎቹ የከሰሩበትን ምክንያት ማወቅ ለዛሬ ሰውም ይጠቅማል። ሥር ይተነፍሳል። በባሕር ወለል ከፍታ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንድ ሊትር ውሃ ቢበዛ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ውሃው ሲሞቅ ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው በተጻፈ መመሪያ ሥሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚተው የአዲስ አበባ ሰው ከመጀመሪያው ጎድሎበት ይነሣል። ሥሩ መጀመሪያ ጫፉ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሙልጭልጭ ይላል፣ ሲጎትቱት ቆዳው እጅ ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ሰውየውም የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርለታል።

ለዚህ መልሱ ጠጠር ሆኖ መጣ። በ1930ዎቹ በኢንዲያና በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በጠጠር የሠሩት ሰዎች ውሃውን ከታች በፓምፕ አስገብተው መልሰው ያፈሱት ነበር። ውሃው ሲወርድ አየሩን ከላይ ወደ ጠጠሩ መካከል ይስባል። ሥሩ በየተራ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ዘዴ ወደ ባሕር ማዶ ወሰደው። በአትላንቲክ መካከል ባለችው እሳተ ገሞራ በወለዳት የአሴንሽን ደሴት አሜሪካኖች የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበራቸው፤ ለሰላጣ የሚሆን መሬት ግን አልነበረም። በዚያው በደሴቲቱ ጠጠር ላይ ቲማቲም፣ ኪያርና ሰላጣ አበቀሉ። ከጦርነቱ በኋላ በቶኪዮ አጠገብ በቾፉ 22 ሄክታር የጠጠር እርሻ ሠሩ። ምክንያቱ የጤና ነበር። በጃፓን አትክልት በሰው ዓይነ ምድር ይዳበር ስለነበር ሐኪሞቻቸው ወታደሮቹ ጥሬ ቅጠል በልተው በጥገኛ ትል እንዳይያዙ ፈሩ።

ጠጠር ሁሉ ግን ዝም አይልም። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ቀስ በቀስ እየሟሟ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ፎስፈረሱና ብረቱ ሥሩ ሊወስደው በማይችል መልክ ይቀመጥና አዲሱ ቅጠል ይነጣል። ከጦርነቱ በኋላ ሲሚንቶ ገንዳ ሠርተው፣ ያገኙትን ጠጠር ሞልተው የገቡ ብዙ ገበሬዎች የከሰሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጠጠሩ ላይ ኮምጣጤ ማንጠባጠብ። አረፋ ካወጣ ለግንብ ይሁን እንጂ ለሥር አይሆንም። በዚያው ዘመን፣ በ1946 አካባቢ፣ ጄምስ ሾልቶ ዳግላስ በቤንጋል ካሊምፖንግ ላይ አሸዋና ጠጠር ቀላቅሎ፣ ያለ ፓምፕ በእጅ ብቻ እየተጠጣ የሚሠራ አሠራር አወጣ። ሕንድ ውስጥ ድሃ ቤተሰብም በጣሪያው ላይ እንዲሞክረው አስቦ ነው። ስለ ሃይድሮፖኒክስ የሚያወሩ ሰዎች ከሁሉም በፊት እሱን ቢያውቁት እወዳለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ታሪኩ እሱን ዘሎት ወደ ሆላንድ ይሄዳል።

ወደ ሆላንድ መሄዱም አለምክንያት አይደለም። ሮክዉል የሚባለው ነገር የተሠራው ለግድግዳ ነው። ባዛልት ድንጋይ 1,500 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀልጦ፣ በኃይል እየተሽከረከረ ወደ ቀጭን ክር ይወጣል፤ ዴንማርኮች ከ1937 ጀምሮ ቤት ሙቀት እንዳያመልጠው የሚያለብሱት ይህን ነበር። በ1969 እዚያው ዴንማርክ ተክል ተሞከረበትና ያዘ። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ በቬስትላንድ የመስታወት ቤቶች ቲማቲምና ኪያር ዓመት ከዓመት ከአንድ አፈር ላይ አይነሡም ነበር፤ አፈሩ በትልና በበሽታ ተሞልቶ ነበር። ገበሬው አፈሩን በእንፋሎት ይቀቅል ወይም ሜቲል ብሮማይድ በሚባል ጋዝ ያጥን ነበር። ብሮማይዱ ወደ ውሃ መግባቱ ሲታወቅ መንግሥት በ1980ዎቹ አጠበቀ፤ በ1992 ፈጽሞ ከለከለ። ገበሬው አፈሩን በላስቲክ ሸፍኖ በላዩ የሮክዉል ንጣፍ ደረደረ። እንግዲህ አፈርን ትተው የወጡት የተሻለ ነገር ስለተገኘ ብቻ ሳይሆን የነበራቸውን አፈር ስለጨረሱት ነው።

ሮክዉል ጥሩ መያዣ መሆኑን አልክድም። ከይዘቱ ከመቶ 95 እጁ ባዶ ቦታ ነው፤ ውሃ ጠጥቶም አየር ይተርፈዋል፤ በሽታ ይዞ አይመጣም። አዲስ ሲሆን ፒኤቹ ከፍ ስለሚል 5.5 በሆነ ውሃ ነክሮ ማሳደር ይበቃዋል። የሚያስጨንቀኝ መጨረሻው ነው። አይበሰብስም። ሆላንዶች ያገለገለውን ሰብስበው ለጡብ መሥሪያ ይሰጡታል፤ እኔ ግን የኮንዶሚኒየሙ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከምጥለው ሌላ የማደርገው የለኝም። ደርቆ ሲፈረካከስም ክሩ ቆዳ ያሳክካል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ አልፈልገውም።

እንግሊዛዊው አለን ኩፐር በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መያዣ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ለማስቀረት ሞከረ፤ ስስ ውሃ በዘንበል ያለ ቦይ ላይ ሳያቋርጥ ይፈስሳል፣ ሥሩ ራቁቱን ይተኛበታል። ያማረ ሐሳብ ነው። መብራት ከሰዓት በኋላ ሄዶ ማታ በሚመጣበት ቤት ግን ፓምፑ ከቆመ ሥሩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። መያዣ ማለት ለእኔ ጊዜም ነው። በኮኮፒት፣ ማለትም በኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ውስጥ ያለች ሰላጣ ሙሉ ቀን ትጠብቀኛለች።

ለቤት ውስጥ ተክል ተብሎ በርግጥ የተስፋፋው የሸክላ እንክብሉ ነው። አሜሪካዊው ስቲቨን ሄይድ በ1918 የፈጠራ መብት ያገኘበት የተነፋ ሸክላ መጀመሪያ ለኮንክሪት ማቅለያ ነበር፤ በሚሽከረከር ምድጃ 1,200 ዲግሪ ገደማ ላይ ሸክላው ይነፋና ውስጡ ቀዳዳ ይሞላል። በ1970ዎቹ በስዊዘርላንድና በጀርመን ቢሮዎች ውስጥ ጎማ ዛፍና መሰሎቹ በዚህ እንክብል ላይ ቆመው፣ በጎናቸው የውሃ መጠኑን የምታሳይ ተንሳፋፊ ዘንግ ይዘው ይታዩ ነበር። ውሃ ሲያልቅ ጸሐፊዋ ዘንጉን አይታ ትሞላለች። ቀላል፣ ንጹሕ፣ ታጥቦ ደግሞ ደጋግሞ የሚያገለግል ነው። ፐርላይትም እንዲሁ ከግንባታ የመጣ ነው፤ ውሃ ያዘለ የእሳተ ገሞራ መስታወት ሲጋል እንደ ፈንዲሻ ይፈካል። ነጭ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ውሃ ረጭቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ኮኮፒትን በቅርብ አውቀዋለሁ። የኮኮናት ልጣጭ ክሩ ለገመድና ለፍራሽ ሲወጣ የሚቀረው ብናኝ በስሪላንካና በሕንድ ተራራ ሆኖ ይከመር ነበር። እንግሊዞች በ1860ዎቹ ሞክረውት ትተውታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ከረግረግ የሚቆፈረው ፒት ማለቁ ሲያሳስብ ተመልሰው መጡበት። እኛም ጋ እርሻው ላይ የሚደርሰው 5 ኪሎ የሚመዝን የተጨመቀ ጡብ ሆኖ ነው። ውሃ ሲፈስበት ይሰነጠቃል፣ ይተነፍሳል፣ ወደ 70 ሊትር ይደርሳል። የመጀመሪያው እጣቢ ቡናማ ነው፤ ኢሲ ሜትሩን ስነክርበት ምን ያህል ጨው እንዳለው ይነግረኛል። የኮኮናት ዛፍ ባሕር ዳር ይበቅላል፤ ልጣጩም ክሩ እንዲለቅ ብዙ ጊዜ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ብናኙን ሙጭጭ ብለው ይይዙታል፤ ተራ ውሃ ከፊሉን ብቻ ነው የሚያወጣው። ቀሪውን ለማስለቀቅ በካልሲየም ናይትሬት ውሃ ነክሮ ማሳደር ያስፈልጋል። ካልሲየሙ ቦታቸውን ይነጥቃል፣ እነሱ ታጥበው ይወጣሉ። ይህ ካልተደረገ ኮኮፒቱ ለተክሉ የሰጠነውን ካልሲየም ራሱ ይበላዋል።

አንድ ጊዜ የታጠበ ነው ተብሎ የተሸጠልን ጭነት መጣ። የጽጌረዳው ቅጠል ጠርዙ መቃጠል ሲጀምር አለቆቹ ከማዳበሪያ ድብልቁ ላይ ሲፈልጉ ከረሙ። ጠዋት ጠዋት ከቦዩ ጫፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚሰበስቡት ሴቶች ግን ቀድመው ነግረውን ነበር። አንዷ ባልዲዋን አስቀምጣ «ጋሼ፣ የገባው ውሃ ከወጣው ጋር አይገናኝም፤ አፈሩ ነው የሚያቃጥላት» አለችኝ። ኮኮፒቱን አፈር ነው የሚሉት። ለክታ ስታሳየኝ የሚወጣው ውሃ ጨው ከሚገባው እጥፍ ሆኖ ነበር። ያን ሁሉ መስመር በካልሲየም ናይትሬት እያጠብን አዳንነው፤ አቅራቢው ግን ምንም አላለም።

ከዚያ በኋላ ነው በእግራችን ሥር ስላለው ነገር አጥብቄ ማሰብ የጀመርኩት። በቢሾፍቱና በአዳማ ዙሪያ ያሉት ቀያይ ኮረብቶች ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስኮርያ ናቸው። የግንባታ ሰው ሬድ አሽ ይለዋል፤ መንገድ ሥር ይሞላል፣ ብሎኬት ይሠራበታል። ድንጋዩ ሲበርድ ጋዙ አምልጦ ቀዳዳ በቀዳዳ ትቶታል። ምድጃው ተራራው ራሱ ነው፤ ሮክዉልና የሸክላ እንክብል ለማምረት የሚወጣው ነዳጅ እዚህ አያስፈልግም። ከጎላን የሚወጣው ቀይ ድንጋይ ከዚህ ብዙም የማይለይ ሲሆን በመጠን በመጠኑ ተነፍቶ ለእስራኤል ግሪንሃውሶች ሲያገለግል ኖሯል።

ኮረብታው ጋ ስሄድ ሲኖ የሚጭነው ልጅ «ጋሼ፣ ለብሎኬት ነው ለመሙያ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሰላጣ ስለው ቆም ብሎ አሰበና «እንግዲያው ዱቄቱ አይበጅህም፣ ከወዲያ ካለው ውሰድ» ብሎ ወደ ሻካራው ክምር ወሰደኝ። ልክ ነበር። ለብሎኬት የሚፈለገው ደቃቁ ሥርን ያፍናል። ቤቴ ወስጄ በሁለት ወንፊት ነፋሁት። ከሽንብራ ፍሬ የሚበልጠውን ለይቼ አወጣሁ፤ ከስንዴ ፍሬ የሚያንሰውን ደግሞ ጣልኩ፤ መካከለኛውን ያዝኩ። ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ አጠብኩት፤ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ እጣቢውን ለደረጃው ማጠቢያ ሰጠሁ። ኮምጣጤ አንጠባጠብኩበት፣ አረፋ አላወጣም።

ቀጥሎ ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ለካሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቆርጦ ከታች በምስማር ቀዳድቶ አንድ ሊትር መያዣ መሙላት፣ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ማጥገብ፣ አውጥቶ እስኪንጠባጠብ መጠበቅ፣ ከዚያ በሚዛን ማየት ነው። ሬድ አሹ ከሊትሩ ሩብ ያህል ውሃ ያዘ፤ ኮኮፒቱ ከግማሽ በላይ። ይህ ልዩነት ምን ከምን ጋር እንደሚስማማ ወዲያው ይናገራል። ችግኝ ትንሽ ሥር ስላለው እርጥበት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዘሩን በታጠበ ኮኮፒት አወጣለሁ። ቅጠል ሲያወጣ ከነኮኮፒቱ ወደ ሬድ አሹ አዛውረዋለሁ። ቆስጣና ናና ሲሶው ኮኮፒት የሆነ ድብልቅ ይወዳሉ፤ ሰላጣ ንጹሕ ሬድ አሽ ላይም በቀን ሦስት ጊዜ ከጠጣች ትደላደላለች። ክብደቱ ብቻ መታሰብ አለበት፤ መደርደሪያው ላይ ከመደርደር በፊት ብረቱ መቻሉን ማየት ያስፈልጋል።

ምርቱ ሲነሣ ሬድ አሹ አይጣልም። ሥሩን አራግፌ፣ የፈላ ውሃ አፍስሼበት፣ ሰገነት ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ፤ ዓመታት ያገለግላል። ሲደቅ ለአበባ ማሰሮ አፈር ይቀላቀላል።

የጎደለው ወንፊቱ ነው። ቀይ ኮረብታው ጋ በሲኖ እንጂ በጆንያ የሚሸጥልኝ አላገኘሁም፤ አንድ ባለ ኮንዶሚኒየም ደግሞ የሚፈልገው ሁለት ጆንያ ነው። ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ተነፍቶ፣ ታጥቦ፣ ኢሲው ተለክቶ ቁጥሩ ጆንያው ላይ ተጽፎ ቢሸጥ፣ ለኮኮፒት የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ በከፊል ይቀር ነበር። ኮረብታው አጠገብ ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶችም ሁለት ወንፊት፣ የውሃ ገንዳና አንድ ኢሲ ሜትር ለመጀመር ይበቃቸዋል። እርሻው ላይ የወጣውን ውሃ ይለኩ የነበሩት ሴቶች በአንድ ጠዋት ሊያሠለጥኗቸው ይችላሉ።